ቲቸር ያሉትን ነው የጻፍኩት

የእህቴ ልጅ አራተኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ የቃል ጽሕፈት ወረቀቷን ጨብጣ ከትምህርት ቤት መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ኩባያ ተብላ ኮፍያ ጽፋለች። በግ ተብላ መርከብ ጽፋለች። ጎጆ ተብላ ባርኔጣ ጽፋለች። ሁሉም ላይ ቀይ ኤክስ አለ።

ኩባያውም ኮፍያውም በእኛ አፍ «ካፕ» ናቸው። በጉም መርከቡም «ሺፕ»። ጎጆውም ባርኔጣውም «ሃት»።

«ቲቸር ያሉትን ነው የጻፍኩት» አለችኝ። አላለቀሰችም። ተናዳለች።

ይቺ ንግግር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ልጅቷ እውነቷን ነው። «ካፕ» ተብሎ ተነበበላት፣ «ካፕ» ተብሎ የሚነበብ ቃል ጻፈች። ለጆሮዋ የተሰጣት ነገር ሁለት መልስ ነበረው፤ አንዱን መረጠች። መምህሩን መውቀስ አልፈልግም። እሳቸውም እንዲሁ ነው የተማሩት፣ ያስተማሯቸውም እንዲሁ። ደሴ ውስጥ ያደግን ሰዎች እስኪ ክፍላችንን እናስታውስ፤ «ሺፕ» ለሁለት የሚከፈል ድምፅ መሆኑን የነገረን ማን ነበር?

ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። ይቺ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው የሚጠብቃት። አጫጭሮቹ የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ደግሞ የቋንቋው ብዙ ትናንሽ ቃላት የቆሙባቸው ናቸው። እዚያ ላይ ከተደናገረች ወደፊት የምታነበው ሁሉ ይደናገርባታል።

ሲ፣ ኤ፣ ቲ

ማታ አጠገቤ አስቀምጬ «እስኪ አንብቢልኝ» አልኳት። ድመቷ የተሳለችበትን ገጽ ገለጠች። ጣቷን በየፊደሉ ላይ እያሳረፈች «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» አለች። ቀጥላ «ካት» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ሲ የት ሄደ? ኤ የት ሄደ?»

የጥያቄው ቦታ እዚህ ጋ ነው። ፊደል የቆጠረ ልጅ «ለ»ን ሲያይ ስሙም ለ፣ ድምፁም ለ ነው። «ሉ»ም እንዲሁ። ፊደሉን ከጠራኸው አነበብከው ማለት ነው። የእንግሊዝኛዎቹ አምስት አናባቢ ፊደላት ግን ስማቸው ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ ነው፤ ይህ ስም የረጅም ድምፃቸው ነው። አጭሩ ድምፅ በስማቸው ውስጥ የለም። ልጆቻችን ደግሞ መዋለ ሕፃናት ከገቡበት ቀን ጀምሮ ኤ ቢ ሲ ዲን ሲዘምሩ የሚይዙት ስሙን ነው። ድመትን፣ አልጋን፣ መርፌ ቁልፍን፣ ሙቅን፣ ኩባያን ለማንበብ የሚያስፈልጋቸው አጭሩ ነው፤ እሱን የሚነግራቸው የለም።

የዚህ መለያየት ምክንያት ታሪክ ነው። ከ1400 አካባቢ እስከ 1700 ድረስ በነበሩት ዘመናት የእንግሊዞች ረጃጅም አናባቢዎች በአፋቸው ውስጥ ቦታ ለቀቁ። ዛሬ «ኤ» የሚባለው ፊደል ድሮ ወደ እኛ «ኣ» የተጠጋ ስም ነበረው፣ «አይ» የሚባለውም «ኢ» ነበር። አጫጭሮቹ ግን በብዛት እዚያው አካባቢ ቀሩ። ዊልያም ካክስተን የማተሚያ መሣሪያን እንግሊዝ ያስገባው በ1476 ነው። አጻጻፉ በኅትመት መርጋት ጀመረ፣ አፉ ግን ገና እየሄደ ነበር። ደሴ ላይ አንዲት ሕፃን «ኤ የት ሄደ?» ብላ የምትጠይቀው በዚያ ዘመን ስለሆነ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ለእሷ አላወራኋትም። «ፊደሉ ስሙ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው» አልኳት ብቻ። ትንሽ አሰበችና «እንደ ቤት ስምና እንደ ትምህርት ቤት ስም?» አለች። እቤት የምትጠራበት ስም ሌላ ነው፣ መዝገብ ላይ ያለው ሌላ። አዎ፣ ልክ እንደሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ በእኛ ቤት «ይሄ ፊደል እዚህ በየትኛው ስሙ ነው የመጣው?» ይባላል።

ከሰባቱ መሃል

ቀጣዩ ነገር ግን በማስረዳት የሚያልቅ አልሆነም። አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። ጆሯችን የሰማውን ሁሉ ከሰባቱ በአንዱ ሥር ይመድባል። የእንግሊዝኛ አጫጭር ድምፆች ደግሞ አብዛኞቹ የሚወድቁት ከሰባቱ መሃል ነው። በብሪታንያው መደበኛ አነጋገር 20 ያህል የአናባቢ ድምፆች አሉ፤ በሰባት መደብ ሲገቡ አንዱ መደብ ውስጥ ሁለትና ሦስት መታጨቃቸው የግድ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ስለ ሐሜት ቢሆንም እኔ እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ልጅቷ አልሰማችም አይባልም። ሰምታለች፤ ጆሮዋ ግን ለእሷ ሳይነግራት ሁለቱን ድምፅ አንድ ቦታ አስቀመጣቸው።

ስለዚህ ጆሮውን ትተን በአገጭ ጀመርን። የእጇን ጀርባ ከአገጯ ሥር አድርጋ ሦስት ቃላት እንድትል አደረግኳት፤ መርፌ ቁልፉን «ፒን»፣ እስክሪብቶውን «ፔን»፣ መጥበሻውን «ፓን»። ቀስ ብላ ስትላቸው አገጯ በእያንዳንዱ ቃል እየወረደ እጇን ገፋው። መስታወት ፊት ቆማም ሞከረችው። የሦስተኛው ላይ የታች ጥርሶቿ ሁሉ ታዩ። «አፌ ደረጃ ይወርዳል» አለች።

ከዚያ እያንዳንዷን ድምፅ ከእኛ አፍ ለመፈለግ ሞከርኩ። አጭሯ «ኢ»፣ የ«ፒን»ዋ፣ ከሳልስና ከሳድስ መሃል ናት። «ፒ» ልትይ ጀምሪና ከንፈርሽን ልቀቂው፣ አትሳቢው። አጭሯ «ኤ»፣ የ«ፔን»ዋ፣ ከኃምሳችን ትንሽ ትከፈታለች፤ አማርኛ «የት ነው?» ስንል «የ» ላይ የምትወጣዋ ድምፅ በጣም ትቀርባታለች። በድመትና በመጥበሻ ውስጥ ያለችው ከሁሉ የምታስቸግረው ናት፤ ከኃምስና ከራብዕ መሃል ስለሆነች። «ኬ» ብለሽ ምላስሽን እዚያው ትተሽ አገጭሽን ጣይው፤ መጣች። አጭሯ «ኦ» ደግሞ ከሳብዓችን ሰፋ ትላለች።

የኩባያዋ ድምፅ ግን እኛ ጋ አለች! ይህን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የግዕዟ ድምፅ፣ «ኧረ» ስንል የምትቀድመዋ፣ የኩባያዋ አናባቢ ጎረቤት ናት። «ከፕ» ብንል ከ«ካፕ» ይልቅ እጅግ እንቀርባለን። «ከታች» የሚለውን «አንደር» ከምንል «ኧንደር» ማለት ይሻላል። አማርኛ ራሱ ይህን ያወቀበት ቦታ አለ። የእግር ኳስ ቡድኑን «ክለብ» ብለን ነው የምንጽፈው፣ «ክላብ» አንልም። ጆሯችን እዚያ ላይ ትክክል ሰምቷል። ታዲያ ክለብን እንዲህ የሰማ ሕዝብ ኩባያን ለምን «ካፕ» ያደርገዋል?

«መድ አለው»

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ነገር ልምጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖታል። ልጅቷና የጎረቤት ጓደኛዋ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ድምፅ ማጉያ ምልክቷን እየነካሁ አሰማቸዋለሁ። ፊደል አላሳየኋቸውም። «አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት?» ብቻ ነው ጥያቄው። መርከቡን ነካሁ፣ ቀጥዬ በጉን።

የእህቴ ልጅ «አንድ» አለች።

ጓደኛዋ ራሷን ነቀነቀች። «ወላሂ ሁለት ነው። ሁለተኛው መድ አለው።»

እጄ ስልኩ ላይ ቀረ። መድ ማለት ድምፅን መሳብ ነው። እንደገና አሰማኋቸው፣ ቦታ ቀያይሬ። «አሁን የመጀመሪያው ነው መድ ያለው» አለች። ሙሉ የሚለውን «ፉል»ና ሞኝ የሚለውን «ፉል» አስከተልኩ። ሳትጠራጠር ለየቻቸው። ይቺ ልጅ በእንግሊዝኛ ከእህቴ ልጅ አትበልጥም። እዚያው ክፍል ናቸው።

ልዩነቱ ጠዋት ጠዋት ቁርኣን መቅራቷ ነው። ደረሳ፣ የቁርኣን ተማሪ ናት። ሸሁ ፊት ተቀምጣ ከስራን፣ ማለትም የአረብኛውን አጭር «ኢ»፣ አሳጥራ ማንበብ፣ ከስራው «ያ» የሚባለውን ፊደል ሲያስከትል ደግሞ ሁለት ሐረካ (የድምፅ ልክ) ያህል መሳብ ፊደል ስትጀምር ጀምሮ ነው የለመደችው። ማጠር ያለበትን ከሳበች ይመልሷታል። መሳብ ያለበትን ካሳጠረችም ይመልሷታል። አማርኛ አናባቢን በርዝመት አይለይም። አረብኛ ይለያል። እሷ ሁለቱንም ጆሮ ይዛ ነው ክፍል የምትገባው። ይህን ግን እሷም አታውቅም፣ መምህሯም አልጠየቋትም።

እስኪ አስቡት። ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ፣ ከባቲ እስከ ቦረና፣ በወሎ ስንት ልጅ ነው እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ የእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ «ሺፕ፣ ሺፕ» እየተባለ የሚቀመጠው? የቤተ ክርስቲያኑም ወገን ከዚህ አይርቅም። ንባብ ቤት የገባ ተማሪ የግዕዝ ንባብ ስልቶቹን፣ ተነሹንና ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን፣ ሳይለይ የኔታ አያሳልፉትም። አንዱ ቃል ላይ ድምፁን ጥሎ ማንበብ ያለበትን ካነሳ ዕርማቱ እዚያው ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን የሚያህል የትምህርት ደብር ያለው አገር ነው ወሎ፤ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ተማሪ የሰበሰቡበት። በሁለቱም ቤት ሥርዓቱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ይሰማል፣ ቀጥሎ ይደገማል፣ ይታረማል፣ ብዙ ቆይቶ ይጻፋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው አባባል ለሸሁም ለየኔታም ይሆናል። በእንግሊዝኛው ክፍል ግን ልጁ የቃሉን ድምፅ ሳይለይ ደብተር አውጣ ይባላል።

ደስታዬ ግን ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጥያቄ አመጣብኝ። ቀጥዬ ኮፍያውንና ኩባያውን አሰማኋቸው። የእህቴ ልጅ ዝም አለች። ጓደኛዋም ዝም አለች። ደግማ ሰማችና «ሁለቱም መድ የላቸውም» አለች።

ልክ ናት። ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ ልዩነታቸው የአፍ ቅርፅ እንጂ የጊዜ አይደለም። እንዲያውም «አጭር» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ጨረታ የሚባለውን «ቢድ» እና መምታት የሚባለውን «ቢት» ወስዳችሁ ስሙ። የመጀመሪያው አናባቢ አጭር ይባላል፣ የሁለተኛው ረጅም። ግን እንግሊዝኛ እንደ «ድ» ባለ ነዛሪ፣ ሲባል ጉሮሮ የሚነዝርበት፣ ተነባቢ ፊት አናባቢን ይስባል፣ እንደ «ት» ባለ ፊት ይቆርጠዋል። ስለዚህ አጭር የተባለው ረጅም ከተባለው ጋር በጊዜ ሊስተካከል ይችላል። መድ ብቻ ይዞ የሄደ ጆሮ እዚህ ጋ ይወድቃል። በበግና በመርከብ በር ይከፍታል፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ግን አገጩም ምላሱም ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ ሁለቱን ልጆች አንድ ላይ አደረግኳቸው። አንዷ ርዝመቱን ታስተምራለች፣ አንዷ «ደረጃውን»። ጓደኛዋ ስትሳሳት የእህቴ ልጅ «አብሽሪ፣ አገጭሽን ጣይው» ትላታለች።

ይጠብቃል፣ ይላላል

አንድ ነገር ደግሞ ሁለቱም ላይ አየሁ። እራት የሚለውን «ዲነር» ሲያነቡ «ን»ን አጥብቀው ይረግጧታል። ለምን ቢባል ሁለት ተጽፋለች። ሁለት ከተጻፈች ትጠብቃለች ብለው አሰቡ። አማርኛ ለሚናገር ልጅ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ሊመጣለት አይችልም። በእኛ ቋንቋ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ነው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ዋናው ነገር። «ገና» ሲላላ አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። ይህን ሁሉ ፊደላችን ሳያሳየን በጆሮ ብቻ እንለየዋለን።

እንግሊዝኛ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ድርብ ፊደል ይጽፋል፣ አያጠብቀውም። ድርቡ የተጻፈው ከፊቱ ላለው አናባቢ ነው፤ «ይሄኛው አጭር ነው» ለማለት። መዝለል «ሆፕ» ላይ «ኢንግ» ሲጨመር ፒ ሁለት ይሆናል። ተስፋ ማድረግ «ሆውፕ» ላይ ሲጨመር አንድ ፒ ብቻ ነው የሚኖረው። አንዲቷ ፒ ከጎደለች የሚዘልለው ሰው ተስፈኛ ይሆናል። መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው ዝምተኛዋ «ኢ»ም ሥራዋ እዚህ ነው፤ ባርኔጣ ላይ ብትጨመር «ሄይት» ሆና ጥላቻ ትሆናለች። ራሷ አትነበብም፣ ከኋላ ሆና አናባቢውን ወደ ረጅም ስሙ ትመልሰዋለች።

ይህን ድርብ ፊደል ሳነብ አንድ ሰው በጣም ማረከኝ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኦርም የሚባል እንግሊዛዊ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። የወንጌል ትምህርት በግጥም ጻፈ። ሰባኪዎች አሳስተው እንዳያነቡበት ሰግቶ አጭር አናባቢ ባለበት ቀጥሎ የሚመጣውን ተነባቢ ሁለት ሁለቴ ጻፈው። የሚገለብጥ ሁሉ ሁለቴ እንዲጽፍም አደራ አለ። ይህ ጭንቀት ለእኛ አዲስ አይደለም። አንባቢው ድምፁን እንዳያበላሽ የሚጨነቅ መምህር በየደብራችንና በየመስጊዳችን አለ። ልጆቹን «ድርብ ስታዩ ተነባቢውን አታጥብቁ፣ ከፊቱ ያለውን አሳጥሩ» ስላቸው በሐሳቤ የሚመጣው ይህ ሰው ነው።

የበረንዳው ጨዋታ

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታው ቀጥሏል። ሌሎች የሰፈር ልጆችም ተጨምረዋል። ደብተር የለም። መጀመሪያ በጣም የሚራራቁትን እናስቀድማለን፤ የድመቷን፣ የመርፌ ቁልፉንና የሙቁን አናባቢ። የሚቀራረቡት፣ እስክሪብቶና መርፌ ቁልፍ፣ ኮፍያና ኩባያ፣ ጆሯቸው ሲሟሽ ይመጣሉ። ልጁ ሁለቱን ድምፅ ለይቶ እጁን ካላወጣ ፊደሉን አላሳይም። ከለየ በኋላ ሲያየው ግን አይረሳውም፤ ለሚያውቀው ድምፅ መልክ አገኘለት ማለት ነው።

ሙቅ በሚለው ቃል ላይ ጭቅጭቅ ተነስቶብናል። አንዱ ልጅ የአሜሪካ ፊልም ያያል፤ «ሃት» ነው ብሎ ድርቅ አለ። የስልኬ መዝገበ ቃላት በብሪታንያ ድምፅ «ሆት» ይላል። የአሜሪካውን ምልክት ነክቼ አሰማኋቸው። ልጁ ትክክል ነበር፤ አሜሪካኖቹ ይህቺን አናባቢ ወደ «ኣ» ወስደዋታል። ሰሜን እንግሊዝ ደግሞ ኩባያን በአጭር «ኡ» የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ። አንዱን መርጣችሁ እሱን ያዙ፣ ሌላውን ስትሰሙ እወቁት አልኳቸው። ክርክሩ ግን ወደድኩት። ልጆች ስለ አንዲት አናባቢ ሲከራከሩ መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

መምህራን ይህን ካነበባችሁ አንድ ልመና አለኝ። የቃል ጽሕፈት ስታነቡ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት። «ካፕ» ብቻ ከምትሉ «ሻይ በካፕ ጠጣሁ» በሉ። የራሳችሁ አናባቢ ባይለይ እንኳ ልጁ የትኛውን እንደሆነ ያውቃል። ከተቻለ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ያለውን ድምፅ አሰሟቸው። ስድሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከመጻፉ በፊት ሁለት ቃል አሰምቶ «አንድ ነው ወይስ ሁለት?» ብሎ እጅ ማስወጣት ጠመኔም አይፈልግም።

እስክሪብቶና መርፌ ቁልፍ ለእህቴ ልጅ ገና አልተለዩላትም። አንዳንዴ ታገኛቸዋለች፣ አንዳንዴ ይጠፉባታል። ጓደኛዋ ደግሞ ኮፍያና ኩባያን አሁን በደንብ ይዛቸዋለች፤ «ኧረ ያለበት ኩባያ ነው» ትላለች። የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የማስቀመጥ «ፑት» እና የመቁረጥ «ከት» ነው፤ ያው አንድ ፊደል «ዩ» በሁለት አጭር ድምፅ የሚመጣበት።